የመንግሥትን ጥራት በምን እንለካው?

አራት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ላይ ወደ 159 አገሮች ደብዳቤ ላኩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለየአገሩ የተላከው አሥር ደብዳቤ ነው፤ ለአምስት ትልልቅ ከተሞች ሁለት ሁለት። በፖስታው ላይ የተጻፈው የከተማ ስም እውነተኛ ነው፤ ተቀባዩ ድርጅትና አድራሻው ግን የትም የሉም። እነዚህ አገሮች ሁሉ የተቀበሉት ዓለም አቀፍ የፖስታ ስምምነት፣ ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ ወደ ላኪው እንዲመለስ ያዛል። ምሁራኑ የመመለሻ አድራሻውን አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ አድርገው መጠበቅ ጀመሩ። ሥራቸው የትኛው አገር ስንቱን፣ በምን ያህል ጊዜ እንደመለሰ መመዝገብ ብቻ ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 59ኙ ተመለሱ። በሦስት ወር ውስጥ የደረሱት ግን ከመቶ 35 ያህሉ ናቸው። 21 አገሮች አሥሩንም መለሱ። ከነሱ መካከል ካናዳ፣ ኖርዌይ፣ ጀርመንና ጃፓን መገኘታቸው ማንንም አያስደንቅም፤ ኡራጓይ፣ ባርቤዶስና አልጄሪያ ግን ከእነሱ እኩል ተሰልፈዋል። 16 አገሮች ደግሞ አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልመለሱም። አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ናቸው፤ ሩሲያ፣ ካምቦዲያና ታጂኪስታንም አሉበት።

ይህን ጥናት ከብዙዎቹ አስበልጬ የማየው በቀላልነቱ ነው። የባከነ ደብዳቤ በመመለሱ የሚጠቀም ባለሥልጣን የለም፤ ባለመመለሱም ጉቦ የሚቀበል የለም። ፖለቲካ አይነካውም፣ ብሔር አይነካውም፣ ሥልጣን አይነካውም። ያለው አንድ የፖስታ ሠራተኛ፣ አንድ ፖስታ፣ አንድ ደንብ ነው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ማንም በማይጠይቀው ጉዳይ ላይ ደንቡ ይሠራል ወይስ አይሠራም? አጥኚዎቹ ውጤቱ ከአገር ሀብትና ከቴክኖሎጂ ጋር እንደሚያያዝ አግኝተዋል። ነገር ግን እነዚህ ብቻ ልዩነቱን አልገለጹትም፤ የሥራ አመራሩ ራሱ ድርሻ ነበረው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የመንግሥት መበላሸት ሁሉ ከሌብነት አይመጣም። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ሥራው ዝም ብሎ የማይሠራባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው።

የመንግሥትን ጥራት መለካት ላለፉት 30 ዓመታት ትልቅ የጥናት መስክ ሆኗል። ስዊድን ውስጥ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ለዚሁ ብቻ የቆመ ተቋም አቋቁሟል፤ መሥራቾቹ ቦ ሮትስታይንና ሶረን ሆልምበርግ ናቸው። ሮትስታይን ከባልደረባው ከያን ቴዎሬል ጋር በ2008 ያወጡት ጽሑፍ ጥራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሐሳብ ለማሰር ሞክሯል፤ አለማዳላት። ባለሥልጣኑ ሕግን በሥራ ሲያውል፣ ሕጉ ካላለው በቀር የማንንም ዘር፣ ዝምድና፣ ሀብትና ፓርቲ አይቶ መፍረድ የለበትም። ዴሞክራሲ ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ ይወስናል፤ የመንግሥት ጥራት ግን ሥልጣኑ ከተያዘ በኋላ በመስኮቱ በኩል ለቆመው ሰው የሚደርሰው ነገር ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ፍራንሲስ ፉኩያማ በበኩሉ በ2013 አለማዳላት ብቻውን አይበቃም፣ የመሥራት አቅምም ይለካ ብሎ ተከራክሯል። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ፤ አቅም ያለው አድሏዊ መንግሥት አስፈሪ ነው፣ የማያዳላ አቅመ ቢስ መንግሥት ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም።

ሐሳቡን ወደ ቁጥር የለወጡት ግን ሌሎች ናቸው። ፒተር አይገን የዓለም ባንክን የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮ ከናይሮቢ ሆኖ የመራ ጀርመናዊ ነበር። በዚያ ዘመን ባንኩ ሙስናን የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ አያገባኝም እያለ አይነካውም ነበር። አይገን ከባንኩ ወጥቶ በ1993 በርሊን ላይ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናልን መሠረተ፤ ድርጅቱም በ1995 የመጀመሪያውን የሙስና ደረጃ ሠንጠረዥ አወጣ። 41 አገሮች ነበሩበት፤ ኒውዚላንድ ከላይ፣ ኢንዶኔዥያ ከታች። በ1996 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ጄምስ ዎልፈንሶን ሙስናን በአደባባይ ካንሰር ብሎ ጠራው። ትንሽ ቆይቶም የባንኩ ባለሙያዎች ዳንኤል ካውፍማንና አርት ክራይ ከ200 በላይ አገሮችን በስድስት መስፈርት የሚመዝን መለኪያ ዘረጉ፤ የሕዝብ ድምፅና ተጠያቂነት፣ የፖለቲካ መረጋጋት፣ የመንግሥት ብቃት፣ የቁጥጥር ሥርዓት ጥራት፣ የሕግ የበላይነትና ሙስናን መቆጣጠር። በሱዳናዊው ባለሀብት በሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን ከ2007 ጀምሮ የሚወጣው የአፍሪካ አስተዳደር መለኪያም ከዚሁ ማዕበል የተወለደ ነው።

እነዚህ መለኪያዎች ያመጡትን ለውጥ ማቃለል ስህተት ነው። ከነሱ በፊት ስለ አንድ አገር ባለሥልጣኖች ሌብነት ማንሳት በዲፕሎማሲ ወግ ነውር ነበር። ከነሱ በኋላ ግን ጋዜጠኛ በየዓመቱ የአገሩን ቁጥር ይዞ ሚኒስትሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ገንዘብም ያንቀሳቅሳል። አሜሪካ በ2004 ያቋቋመችው የሚሌኒየም ቻሌንጅ ኮርፖሬሽን ድጋፍ ለመስጠት ሲመርጥ፣ ሙስናን በመቆጣጠር መስፈርት ከአቻዎቹ መካከለኛ ነጥብ በላይ ያላገኘን አገር አያሳልፍም።

ግን ቁጥሩ ከምን ተሠራ? ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ለ2024 ያወጣው ሠንጠረዥ ለኢትዮጵያ ከመቶ 37 ሰጥቷል። ለህንድ 38፣ ለኬንያ 32፣ ለሩዋንዳ 57፣ ለሲንጋፖር 84፣ ለዴንማርክ 90፣ ለደቡብ ሱዳን 8። ይህን ቁጥር ያስገኙት ቀበሌ ሄደው የተሰለፉ ሰዎች አይደሉም። እስከ 13 ከሚደርሱ ምንጮች የተሰበሰበ የነጋዴዎችና የአገር አጥኚ ባለሙያዎች አስተያየት ነው፤ ለአንድ አገር ሦስት ምንጭ ከተገኘ ይበቃል። ሠንጠረዡ ራሱ በስሙ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የሚለካው ሙስና ምን ያህል እንዳለ ሰዎች የሚያስቡትን ነው። ካውፍማንና ክራይም ከመጀመሪያው ጀምሮ ከየቁጥሩ ጎን የስህተቱን ወሰን ያትማሉ፤ ይህ ለሙያቸው ያላቸውን ታማኝነት ያሳያል። ችግሩ ጋዜጣ ላይ ሲደርስ የስህተቱ ወሰን ይጣልና ደረጃው ብቻ ይቀራል። አንድ አገር ከ37 ወደ 38 ወጣ ተብሎ ይጨበጨባል፣ ወደ 36 ወረደ ተብሎ ይወቀሳል፤ በሁለቱም ዓመት አንዲት የመሬት ካርታ የምትፈልግ እናት ቢሮ ውስጥ የገጠማት ነገር ግን ያው ሊሆን ይችላል።

የሰው ግምት ምን ያህል ያስኬዳል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። ተመራማሪው ቤንጃሚን ኦልከን ጃቫ ውስጥ ከ600 በላይ መንደሮች የየራሳቸውን መንገድ ሲሠሩ ተከታተለ። መንገዶቹ ካለቁ በኋላ መሐንዲሶች ልኮ አስቆፈረ። ከየመንገዱ ናሙና ወጥቶ ምን ያህል ድንጋይ፣ አሸዋና ጠጠር እንደገባበት ተለካ፤ የየአካባቢው ዋጋ ተጠየቀ፤ ከዚያ መንደሩ አወጣሁ ካለው ሒሳብ ጋር ተነጻጸረ። በመካከል ያለው ልዩነት የተሰረቀው ነው። ኦልከን የመንደሩን ነዋሪዎችም በመንገዱ ሥራ ሌብነት ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ነዋሪዎቹ ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ግን ግምታቸው ከእውነተኛው ስርቆት ጋር የነበረው ግንኙነት በጣም የላላ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው የሲሚንቶ ዋጋ ያውቃል፤ ዋጋ ሲጋነን ይነቃል። መንገዱ ውስጥ ስንት ኩብ ጠጠር እንደገባ ግን በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። የመንደሩ ሹማምንትም ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ ዋጋ ሳይሆን መጠን ያጋንኑ ነበር። ሌብነት ሰው ወደማያይበት ቦታ ይሸሻል፤ ሰው በሚያየው ላይ ብቻ የቆመ መለኪያ ደግሞ አይከተለውም።

በዚሁ ጥናት ኦልከን ሌላ ነገርም ሞከረ። ለአንዳንድ መንደሮች መንገዱ ካለቀ በኋላ የመንግሥት ኦዲተር በእርግጠኝነት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ በሌሎቹ ዕድሉ ከመቶ 4 ነበር። ኦዲት እንደማይቀርላቸው ባወቁት መንደሮች የጠፋው ገንዘብ ድርሻ በ8 ነጥብ ቀነሰ። አዲስ ሕግ አልወጣም፣ አዲስ መሪ አልመጣም። የተለወጠው ሒሳቡ እንደሚታይ ማወቃቸው ብቻ ነው።

መለኪያው ራሱ ሲታመም ምን እንደሚሆን ያየነው ደግሞ በዓለም ባንክ ነው። ባንኩ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ያወጣው የነበረው የንግድ ሥራ ምቹነት ሪፖርት የሚለካው ቀላል የሚመስል ነገር ነበር፤ በአንድ አገር ትልቁ የንግድ ከተማ አንድ የታሰበ ኩባንያ ለማቋቋም፣ የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት፣ መብራት ለማስገባት፣ ውል ለማስፈጸም ስንት እርከን፣ ስንት ቀንና ስንት ገንዘብ ይፈጃል? ጠበቆችና የሒሳብ ባለሙያዎች ይጠየቃሉ፣ ነጥብ ይሰላል፣ 190 አገሮች በደረጃ ይሰለፋሉ። መሪዎች ወደዱት። ህንድ ከ142ኛ ተነሥታ በጥቂት ዓመታት 63ኛ ደረሰች። ኢትዮጵያም በመጨረሻው ሪፖርት 159ኛ ላይ ሳለች፣ ደረጃዋን ለማሻሻል ከ2018 በኋላ መንግሥት በከፍተኛ ደረጃ የተያዘ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ከዚያ ጥረት ጎን ከ1960 ጀምሮ የቆየው የንግድ ሕግ በ2021 በአዲስ ተተካ። ይህ መልካም ውጤት ነው፤ የደረጃ ፉክክር ለዓመታት የተኛን ሕግ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ያሳያል።

ሆኖም የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በ2018 መጀመሪያ ነበር። የባንኩ ዋና የኢኮኖሚ ባለሙያ ፖል ሮመር፣ የስሌቱ ዘዴ በየጊዜው መለዋወጡ ቺሊን ያለ አግባብ ዝቅ አድርጓታል ብሎ አገሪቱን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ቺሊ ውስጥ ደንቦቹ ብዙም ሳይቀየሩ ደረጃዋ ሲወጣና ሲወርድ ነበር። ከዚያ የባሰው ተከተለ። የ2018ና የ2020 ሪፖርቶች መረጃ እንደተነካካ ሲታወቅ ባንኩ የውጭ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ አስመረመረ። በሴፕቴምበር 2021 የወጣው ውጤት፣ በ2018ቱ ሪፖርት ቻይና 85ኛ መሆን ሲገባት 78ኛ ሆና እንድትወጣ ከላይ ጫና እንደነበረ አተተ። በዚያን ጊዜ ባንኩ ከባለድርሻ አገሮቹ የካፒታል ጭማሪ ይጠይቅ ነበር፤ ቻይና ከትልልቆቹ አንዷ ናት። በ2020ው ሪፖርት ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና የአዘርባጃን መረጃዎች ተጠቅሰዋል። ስማቸው የተነሣው የዚያን ጊዜዋ የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሪስታሊና ጆርጂዬቫ ግኝቱን አልቀበልም አሉ፤ አሁን የሚመሩት የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድም በእሳቸው ላይ ያለውን እምነት አድሷል። ሪፖርቱ ግን ቆመ፤ ምትኩ በአዲስ ስምና በአዲስ ዘዴ፣ በ50 አገሮች ብቻ ጀምሮ የወጣው በኦክቶበር 2024 ነው።

ከቅሌቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሪፖርቱ ንጹሕ በነበረበት ጊዜም የነበረበት ጉድለት ነው። የጠበቃ መልስ በሕግ የተጻፈውን ቀን ይናገራል። ሜሪ ሆልዋርድ-ድሪማየርና ላንት ፕሪቼት ይህን ቁጥር ባንኩ ራሱ ከድርጅቶች በቀጥታ ከሚሰበስበው መረጃ ጋር አስተያዩት። በአንድ አገር፣ ለአንድ ዓይነት ፈቃድ፣ አንዱ ድርጅት በጥቂት ቀን ሲጨርስ ሌላው ወራት ይወስድበታል፤ ሁለቱም ቢሆኑ በሕጉ ከተጻፈው ቀን ጋር አይገናኙም። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚሠራው ግን ትውውቅና ድርድር ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ይዞ የሄደና ብቻውን የሄደ ሰው እኩል እንደማይስተናገዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የአገር አማካይ ቁጥር ይህን ልዩነት ይውጠዋል፤ አድልዎ የሚኖረው ግን በዚሁ ልዩነት ውስጥ ነው።

ወደ ሁለተኛ ጥያቄ ልሻገር። አገሮች ለምን ይለያያሉ? በ2024 የኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዳሮን አሴሞግሉ፣ ሳይመን ጆንሰንና ጄምስ ሮቢንሰን በ2001 ያወጡት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ስሙ የገነነው ነው። መልሳቸው ባጭሩ ይህ ነው። ቅኝ ገዢዎች በወባና በቢጫ ወባ በሚያልቁበት ምድር አልሰፈሩም፤ ስላልሰፈሩም ሀብት የሚመጥ ሥርዓት ብቻ ተክለው ሄዱ። በሽታው በማያጠቃቸው ምድር ግን ራሳቸው ሰፈሩ፣ ለራሳቸውም ንብረትን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። የያኔው ሞት የዛሬውን ተቋም ይነግረናል።

ሐሳቡ ኃይለኛ ነው። መረጃው ግን ሲገለጥ ሳስቶ ይታያል። ዴቪድ አልቡይ በ2012 እንዳሳየው ከ64ቱ አገሮች የ36ቱ የሞት ቁጥር የተወሰደው ከሌላ አገር ነው። ተቋማቱ የተመዘኑትም ለውጭ ባለሀብቶች የሚሸጥ የስጋት ግምገማ በሰጠው ነጥብ ነው፤ እሱም የባለሙያ አስተያየት ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ከቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ተብለው ከተዘረዘሩት 64 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የአምስት ዓመቱ የኢጣሊያ ወረራ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ የቅኝ አገዛዝ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፏል። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠባይ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚሻ ሰው ከአውሮፓ ሰፋሪ ሞት ይልቅ ስለ ጉልት፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ደጅ ጥናት፣ ከ1974 በኋላ ደግሞ ስለ ቀበሌና ስለ ፓርቲ መዋቅር ቢያጠና ይሻለዋል። የኖቤል ተሸላሚዎቹን ሥራ አላቃልልም፤ ተቋም ወሳኝ ነው የሚለው መሠረታዊ ነጥባቸው የሚያስማማኝ ነው። ግን 64 ነጥቦች ላይ የተሰመረ መስመር የእያንዳንዱን ነጥብ ታሪክ አይተርክም።

የፖለቲካ ምሁሩ ሮበርት ፑትናም በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ መርጦ ነበር፤ አገሮችን ትቶ በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ክልሎችን አነጻጸረ። ኢጣሊያ በ1970 ለአብዛኞቹ ክልሎቿ አንድ ዓይነት ሥልጣንና አንድ ዓይነት ሕግ ሰጠች። በጃንዋሪ 1983 የፑትናም ባልደረቦች ለየክልሉ ቢሮ ሦስት ተራ ጥያቄ ላኩ፤ ውጭ አገር ሳሉ ለሕክምና ያወጡትን ገንዘብ ስለማስመለስ፣ ለወንድም የሙያ ትምህርት ስለማግኘት፣ ለገበሬ ወዳጅ የብድርና የድጎማ መረጃ ስለማግኘት። ኤሚሊያ-ሮማኛና ቫሌ ዳኦስታ ለሁለቱ በሳምንት ውስጥ የተሟላ መልስ ጻፉ፤ ሦስተኛው በአንድ የስልክ ጥሪ አለቀ። ካላብሪያ፣ ካምፓኒያና ሰርዲኒያ አንዱንም ደብዳቤ አልመለሱም፤ ሰው በአካል እየተመላለሰ፣ ስልክ እየደወለ ሳምንታት ፈጀ። ያው አገር፣ ያው ሰንደቅ። ፑትናም ምክንያቱን በሰሜኑ ከተሞች በመካከለኛው ዘመን በተተከለ የማኅበር ባህል ላይ አደረገው። የጎተንበርጉ ተቋም ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓ ክልሎች ነዋሪዎችን ራሳቸውን እየጠየቀ የሚያደርገው ጥናትም የኢጣሊያን ሰሜንና ደቡብ ልዩነት እስከ ዛሬ ያሳያል።

የፑትናም መለኪያ ይማርከኛል፤ ማብራሪያው ግን እጅ ያስራል። የዛሬው ቢሮ የሚሠራው ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ስለተደራጁ ከሆነ፣ ያልተደራጁት ልጆች ምን ያድርጉ? ታሪክ ደግሞ እንዲህ የተዘጋ አይደለም። ዛሬ ከሠንጠረዦች አናት የማትጠፋው ስዊድን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሹመት የሚገዛባት አገር ነበረች፤ ተሿሚው ቦታውን ለሚለቅለት ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር። ያን የለወጡት የትምህርት፣ የሕግ፣ የደመወዝና የቅጥር ማሻሻያዎች በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ተከታትለው መጥተው ነው። ጆርጂያ ከ2003ቱ አብዮት በኋላ በጉቦ የታወቀውን የትራፊክ ፖሊስ በሙሉ በትና በአዲስ ሰውና በተሻለ ደመወዝ ተካችው፤ የሙስና ነጥቧም በአሥር ዓመት ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወጥቶ ከአንዳንድ የአውሮፓ ኅብረት አባላት ጋር ተስተካከለ። ያው መንግሥት ግን በ2012 እስር ቤቶቹ ውስጥ የሚፈጸም ግፍ በቪዲዮ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ። መንገድ ላይ ጉቦ የማይጠይቅ መንግሥት እስር ቤት ውስጥ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ሁለቱን አይዝም።

ለኡጋንዳ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት እፈልጋለሁ። የኡጋንዳ መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የማስኬጃ ገንዘብ ይመድብ ነበር። በጀቱ ላይ አለ፣ ከካምፓላም ይወጣል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ወላጆችን ያስከፍሉ ነበር። በ1996 ሪትቫ ሬይኒካ የመራችው ጥናት 250 ትምህርት ቤቶችን አዳርሶ መዝገባቸውን ከማዕከሉ መዝገብ ጋር አመሳከረ። ከ1991 እስከ 1995 ከተላከው ገንዘብ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ ከመቶ 13 ነበር። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ምንም አላገኙም። በድሃ አካባቢ ያሉት የሚደርሳቸው ከሌሎቹም ያነሰ ነበር፤ ርዕሰ መምህራኑ የሚገባቸውን ገንዘብ መጠን እንኳ አያውቁም ነበር። ገንዘቡ የቀረው በወረዳ ባለሥልጣናት እጅ ነው።

የኡጋንዳ መንግሥት ከዚያ በኋላ ያደረገው ያስመሰግነዋል። ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግቢያቸው እንዲለጥፉ አዘዘ። በ2001 ዳግም ሲጠና ከተላከው ገንዘብ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ትምህርት ቤት ይደርስ ነበር። ሬይኒካና ያኮብ ስቬንሰን በዝርዝር ሲመረምሩ ጋዜጣ ለሚሸጥበት ቦታ የቀረቡ ትምህርት ቤቶች የተሻለ እንዳገኙ አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ መሆኑን፣ የበጀት ቁጥጥሩም መጥበቁን ጠቅሰው፣ ምስጋናው ሁሉ ለጋዜጣው አይሰጥ ብለዋል። ክርክራቸው ትክክል ነው። ሆኖም ማንም የማይክደው ነገር ይቀራል፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ባይወጣ ኖሮ ችግሩ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ይህን ከሠንጠረዡ ጋር እናስተያየው። የትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ መድረስ በጀመረበት በ2001፣ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ከመዘናቸው 91 አገሮች ኡጋንዳ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአጠቃላይ ሙሰኛ በሆነ አገር ውስጥ አንድ ቧንቧ ተጠግኗል። ሠንጠረዡ ያን ጥገና አያየውም። ለአንድ የገጠር ርዕሰ መምህር ግን ያ ጥገና ከደረጃ ሁሉ ይበልጣል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የዓለም ደረጃዎች ለመቀስቀስ ጥሩ ናቸው፤ ለመሥራት ግን አያገለግሉም። ለሥራ የሚጠቅመው መለኪያ አንድ ቢሮ፣ አንድ አገልግሎት፣ አንድ ብር ድረስ የሚወርድ፣ ተገልጋዩ ሊያየው የሚችልና ባለሥልጣኑ ብቻውን ሊነካካው የማይችል ነው። ልዩነቱን ለማብራራትም የሚያበቃን እንዲህ ያለ መረጃ ነው፤ አንዱ ወረዳ ሲሠራ ጎረቤቱ የማይሠራበትን ምክንያት ስናገኝ የምናርመውን እናውቃለን።

ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ከዜሮ አትነሣም። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቆሙ፣ በ2006 የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች መርሐ ግብር ወረዳዎች በጀታቸውን ማንም ሊገባው በሚችል ቅጽ አዘጋጅተው በአደባባይ እንዲለጥፉ አድርጎ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያም የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሚወስደው ጊዜ በደቂቃ ወይም በቀን ተጽፎበታል። ሰሌዳው የሚነግረን መሆን ያለበትን ነው። ባለፈው ወር ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ በተባለው ጊዜ ጨረሰ፣ ስንቱ ነገ ተመለስ ተባለ የሚለው ግን የትም አልተጻፈም። ቢጻፍም የሚጽፈው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ወደ በላይ አካል ሲላክም ዕቅዱ ከመቶ መቶ መሳካቱን ይናገራል።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለክልል ምክር ቤቶችና ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የማቀርበው ጥያቄ ውድ አይደለም። መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቦታ ካርታና የፍርድ ቤት መዝገብ፤ ከእነዚህ አራት ጀምሩ። ከቢሮው ሲወጣ ተገልጋዩን ራሱን ጠይቁ፤ የሚጠይቀው ሰው የቢሮው ሠራተኛ አይሁን። ውጤቱን በክልል አማካይ ሳትደፍኑ በየወረዳው ስም፣ በየሦስት ወሩ፣ በሬዲዮና በዚያው ሰሌዳ ላይ አውጡት። ለጋዜጠኞችም እላለሁ፤ በየዓመቱ የአገራችንን ደረጃ ከምናወራበት ሰዓት ግማሹን ለአንድ ወረዳ በጀት እናውለው።